«አህያዋስ አልተጋበዘችም?»

ይህ መልእክት በመጀመሪያ የተላለፈው በሬዲዮ ነው። በጽሑፍ እንዲደርሳችሁ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁ ጥቂት አስተካክለን በዚህች ትራክት አቅርበነዋል። አንዳንድ ቦታ አነጋገሬ ፊት ለፊት ተቀምጠን የምናወራ ቢመስል ታግሣችሁ አንብቡኝ።

ነገሩ የተነሣው ከአንዲት እህት ጥያቄ ነው። በሕጻናት አገልግሎት ታገለግላለች። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቢሮዬ መጣችና ከቦርሳዋ አንድ ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ አወጣች። ሽፋኑ ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ እንደ ተሰፋ ብርድ ልብስ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የሆነ ዝሆን አለ። «ፓስተር፣ ይህን ከውጭ የመጣች ዘመዴ ለልጄ አመጣችለት። ልጁ በጣም ወዶታል፤ እኔ ግን ልቤ አላረፈም» አለችኝ።

«ምኑ ነው ያላሳረፈሽ?»

«እንዳለህ ሁን፣ ራስህን ተቀበል ነው የሚለው። ጌታ ደግሞ ሊከተለኝ የሚወድ ራሱን ይካድ ነው ያለው። ልጄን ሌላ ወንጌል እያስተማርኩት ይሆን?»

ጥያቄዋን አልናቅሁትም። እንዲያውም ይህቺ እህት ከብዙዎቻችን ትሻላለች፤ ልጇ ምን እንደሚያነብ ታውቃለችና። እኛ እኮ ስልኩን አቀብለነው እፎይ ብለን የተቀመጥን ነን።

መጽሐፉን አብረን ገለጥነው። ኤልመር ይባላል። የጻፈውና የሣለው ዴቪድ መኪ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታተመው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ነው፤ በ1989 እንደ ገና ከታተመ በኋላ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ታወቀ። በታሪኩ ውስጥ የመንጋው ዝሆኖች ሁሉ ግራጫ ናቸው፤ ኤልመር ብቻ ዥንጉርጉር ነው። ያጫውታቸዋል፣ ያስቃቸዋል። አንድ ሌሊት ግን «የሚስቁት በመልኬ ይሆን?» የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣዋል። ማልዶ ተነሥቶ ወደ ጫካ ይሄዳል፤ የዝሆን መልክ ያለው ፍሬ ያፈራ ቁጥቋጦ ያገኛል፤ ፍሬውን አራግፎ ይንከባለልበትና እንደ ሌሎቹ ግራጫ ይሆናል። ወደ መንጋው ሲመለስ ማንም አላወቀውም። ሁሉም ኮስተር ብለው፣ ዝም ብለው ቆመዋል። በመጨረሻ አላስችለው ብሎ ይጮኻል፤ ዝሆኖቹ ይደነግጣሉ፤ ወዲያው ኤልመር መሆኑን አውቀው በሳቅ ይፈነዳሉ። ዝናቡም ይወርድና ቀለሙን አጥቦ የቀድሞ መልኩን ያወጣዋል።

ይህን መጽሐፍ ለመጻፍ ካነሣሡት ነገሮች አንዱን ደራሲው ራሱ ተናግሯል። በእንግሊዝ አገር ዴቨን በሚባል አካባቢ ከልጁ ጋር በመንገድ ሲሄድ፣ አንድ ልጅ የልጅቱን የቆዳ ቀለም አይቶ የዘር ስድብ ጮኸባት። እናቷ ከእንግሊዝም ከህንድም የምትወለድ ነበረች። እንግዲህ ያ ዥንጉርጉር ዝሆን ዝም ብሎ የመጣ ቀልድ አይደለም። አንድ አባት ልጁ ስትሰደብ ሰምቶ ነው።

«እህቴ፣ ኤልመር ጫካ የሄደው ምን ሊያደርግ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ቀለሙን ሊሸፍን።»

«ቀለሙን የሰጠው ማነው?»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። እዚህ ላይ ነው ጥያቄዋ የሚፈታው።

ራስን መካድ ምንድን ነው? በማርቆስ ወንጌል 8፥34 ጌታ ራሱን ይካድ ያለበትን ቃልና፣ በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ትክደኛለህ ብሎ ለጴጥሮስ የተናገረበትን ቃል አስተያዩ። በአማርኛችንም በግሪኩም አንድ ቃል ነው። ጴጥሮስ ጌታን ሲክድ አጭር ነው ወይም መልከ ጥፉ ነው አላለም። አላውቀውም፣ የእርሱ ወገን አይደለሁም ነው ያለው። ስለዚህ ራሴን ስክድ ፈቃዴን «አንተ ጌታዬ አይደለህም፤ አልታዘዝህም» እለዋለሁ። እግዚአብሔር በእናቴ ማኅፀን የሠራውን እግር፣ ፊት፣ ድምፅ መጥላት ማለት አይደለም። መዝሙር 139ን ያነበበ ሰው ይህን አይስትም፤ ዳዊት በተፈጠረበት ነገር ተደንቆ ያመሰግናል እንጂ ይቅርታ አይጠይቅም።

ኤርምያስ 13፥23ን ደግሞ ክፈቱ። ኢትዮጵያዊ ስለሆንን ይህን ጥቅስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንዳንዶቻችንም እናፍርበታለን። ነቢዩ ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብርም ዥንጉርጉርነቱን መለወጥ ይችላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ወቀሳው በቆዳውም በነብሩ ነጠብጣብም ላይ አይደለም። ክፋትን በለመደው ሕዝብ ላይ ነው። ቆዳችን ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በደሙ ያነጻን ነበር። አላነጻውም፤ የሚነጻ ነገር አልነበረበትማ! ልጃችሁ ቢዋሽ ንስሐ ይገባ ዘንድ አስተምሩት። እህቱን ቢመታ ገሥጹት። ቢንተባተብ፣ ግራ እጁን ቢጠቀም፣ አጭር ቢሆን፣ ሒሳብ ቶሎ ባይገባው ግን ከምን ንስሐ ይገባል?

ወደ አገራችን እንምጣ። እኛም በእንስሳ እናስተምራለን፤ ተረቶቻችን በጦጣና በጅብ፣ በአንበሳና በቀበሮ የተሞሉ ናቸው። ደስ ይላሉ። ግን አብዛኞቹ ብልጠትን እንጂ ራስን መቀበልን አያስተምሩም። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ሲባል ሁላችንም ስቀናል። ማን ነው ቆም ብሎ «ይህቺ በቅሎ በአባቷ እንድታፍር ያደረጋት ማነው?» ያለ? እኛ ነና! አህያን መሳደቢያ ያደረግናት እኛ ነን። እንጨቱን የምትሸከም፣ ውኃውን የምታመላልስ፣ ጤፉን ወፍጮ ቤት የምታደርስ እርሷ ናት፤ ስሟ ግን በየቤታችን የስድብ መጀመሪያ ነው። እንግሊዛዊው ስድብ ሰምቶ በእንስሳ ልጁን አጽናና። እኛ በእንስሳ ልጆቻችንን እንሰድባለን። አንተ አህያ፣ አንቺ ጦጣ፣ ይህ ጅብ፣ ያ ኤሊ። ከዚያ እሑድ እጃችንን አንሥተን እንዘምራለን። ያዕቆብ በምዕራፍ 3 ላይ ጌታን በሚባርክበት አፉ በእግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠረውን ሰው ስለሚረግም ሰው ሲጽፍ አድራሻው የእኛን ቤት ይመስላል።

በሌላ ሰው ላይ የምፈርድ እንዳይመስላችሁ፣ በእኔ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሚስቴንም ልጄንም አስፈቅጃለሁ። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ ዛሬ ቁመቱ ሊደርስብኝ ነው።

አንድ ማክሰኞ ማታ የቤት ሥራ አሠራው ነበር። መበደር ያለበት የመቀነስ ሒሳብ ነው። 52 ሲቀነስ 38። አንዴ አሳየሁት፣ ሁለቴ አሳየሁት። በሦስተኛው 26 ብሎ ጻፈ። «አንተ አህያ ነህ እንዴ?» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ልጁ አላለቀሰም። ላጲሱን አንሥቶ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ያችን 26 ፋቃት። ሚስቴ ከጓዳ ቀና ብላ አየችኝና ምንም አላለችም። እኔ ደግሞ ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ በዚያው ሳምንት ለወላጆች ሴሚናር የማስተምረውን ማዘጋጀቴን ቀጠልኩ። አዎ፣ ለወላጆች ሴሚናር።

ሐሙስ ማታ ታሪክ የማነብለት ተራ የእኔ ነበር። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ በሻንጣዋ ካመጣቻቸው መጻሕፍት አንዱን መረጠ፤ ጃይልስ አንድሬ የጻፈው፣ ጋይ ፓርከር ሪስ የሣለው፣ በ1999 የታተመ የቀጭኔ ታሪክ ነው። ልጆቻችን ቀጭኔ አይገርማቸውም፤ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ ያለችውን እያዩ ነው ያደጉት። የዚህኛው ስም ጄራልድ ነው፤ አንገቱ ረጅም፣ ጉልበቱ ጠማማ፣ እግሩ ቀጭን። መሮጥ ሲጀምር ይወድቃል። በየዓመቱ በአፍሪካ ጫካ ውስጥ የእንስሳት ዳንስ አለ። (ዳንስ ስላልኩ አትደንግጡ። ዳዊትም በታቦቱ ፊት ዘሏል፤ በመስኮት አይታ የናቀችው ሜልኮል ናት፤ ከእርሷ ጋር አትቁሙ።) ከርከሮዎቹ፣ አውራሪሶቹ፣ አንበሶቹ፣ ዝንጀሮዎቹ ሁሉም በየዓይነታቸው ይጨፍራሉ። የጄራልድ ተራ ሲደርስ ገና አንድ እግር ሳያነሣ ሁሉም ይስቁበታል።

እኔ እየተረጎምኩ አነባለሁ። ልጄ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ሥዕሉን በጣቱ እየነካ ያያል። የሚስቁበት ገጽ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘኝ።

«አባዬ፣ አህያዋስ አልተጋበዘችም?»

«የቷ አህያ?» አልኩት። በእውነት አልገባኝም ነበር።

«አንበሶቹ አሉ፣ ዝንጀሮዎቹ አሉ። አህያ ግን የለችም። ደደብ ስለሆነች ነው?»

ወገኖቼ፣ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ብዙ ኮንፈረንስ ተካፍያለሁ። እንደዚያች ማታ መንፈስ ቅዱስ የወቀሰኝን ጊዜ አላስታውስም። እኔ ማክሰኞ ተናግሬ ማክሰኞ ረስቼዋለሁ። ልጄ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ያችን አህያ ይዞ ዞሯል። ትምህርት ቤት ይዟት ሄዷል፣ ምሳ አብራው በልታለች፣ አልጋው ላይ አብራው ተኝታለች። አሁን ደግሞ ሁሉም በተጋበዘበት ዳንስ ላይ ቦታ እየፈለገላት ነው።

መጽሐፉን አጠፍኩት። «ማክሰኞ ማታ አህያ ያልኩህ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንተ አላጠፋህም። ይቅር በለኝ» አልኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አባቶቻችን ልጅን ይቅርታ መጠየቅ አላስተማሩንም፤ አፍ ላይ ይከብዳል። ልጄ ጥቂት አሰበና «እሺ» አለኝ። ከዚያም «ግን አህያ ደደብ ናት?» አለ። ይቅርታውን ተቀብሏል፤ ጥያቄው ግን አልተመለሰለትም!

እኔም ዘኍልቍ 22ን ነገርኩት። በለዓም ነቢይ ነበር፣ የታወቀ ሰው፤ የእግዚአብሔር መልአክ ሰይፍ መዝዞ በመንገዱ ላይ ሲቆም ግን ያየችው አህያይቱ ናት። ነቢዩ አላየም። ሦስት ጊዜ አዳነችው፣ ሦስት ጊዜ መታት። ያን ጊዜ ነው እግዚአብሔር አፏን ከፍቶ ያናገራት። እዚህ ላይ ስደርስ ጎሮሮዬ ተዘጋ፤ በታሪኩ ውስጥ እኔ ማን እንደሆንኩ ገባኝ። ቀጥሎ ማቴዎስ 21ን ነገርኩት። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ሕዝቡ ልብሱን በመንገድ ላይ ሲያነጥፍ፣ ጌታ የተቀመጠው በምን ላይ ነበር? ልጄ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ተቀመጠ። «በአህያ!» አለ። «እሱንስ ማን ላከው? ማነው ይህቺን አምጡ ያለው?» አልኩት። «ኢየሱስ።» «እንግዲያው ተጋብዛለች» አልኩት። «እሺ፣ አሁን ቀጭኔው ምን ሆነ? ቀጥል» አለኝ።

ስለዚህ ለእህታችንም ለእናንተም የምለው፣ እነዚህን መጻሕፍት አታቃጥሉ፤ አትፍሯቸውም። የልጅን ቁስል አግኝተዋል። ትልቅ ሰው ፊት ለፊት «ተሰድበሃል ወይ?» ቢለው የማይናገር ልጅ፣ ስለ ዝሆንና ስለ ቀጭኔ ሲሆን ልቡን ይከፍታል። ጌታችንም ስለ ጠፋች በግ እያወራ ስለ ማን እንደሚናገር ሰሚዎቹ ያውቁ ነበር።

ይሁን እንጂ እረኛችሁ ነኝና የጎደላቸውንም ልንገራችሁ። ቀጭኔው በመጨረሻ ምን ሆነ? ብቻውን ከጫካው ሲወጣ በጨረቃ ብርሃን አንድ ትንሽ ፌንጣ አገኘውና፣ የተለየ ፍጥረት የሚያስፈልገው የተለየ ዜማ ብቻ መሆኑን ነገረው። ጄራልድም የነፋሱንና የዛፎቹን ድምፅ አዳምጦ ሲጨፍር፣ የሳቁበት ሁሉ መጥተው ተደነቁ። ደስ የሚል ነው። ግን ያጨበጨቡለት አሳምሮ ስለጨፈረ ነው። የዴንማርኩ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1843 ያሳተመው የአስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት ታሪክም ያው ነው። ያ ሁሉ ያባረረው፣ የነከሰው ጫጩት በመጨረሻ ክብር ያገኘው የዳክዬ ልጅ ሳይሆን ያማረ ነጭ የውኃ ወፍ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ባያምርስ? አድጎም ያው አስቀያሚ ዳክዬ ቢሆንስ? በአጥቢያችን ንግግር የማይጀምሩ ልጆች አሉ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ አሉ። ዜማቸውን አግኝተው ጫካውን እስኪያስደንቁ ድረስ ነው የምንጠብቃቸው?

ወንጌል የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ማቴዎስ 3ን ተመልከቱ። ጌታ ከዮርዳኖስ ሲወጣ አብ ከሰማይ የምወደው ልጄ ብሎ መሰከረለት። ያን ጊዜ ጌታ ገና አንድ ድውይ አልፈወሰም፤ አንድ ስብከት አልሰበከም፤ አንድ ደቀ መዝሙር አልጠራም። መወደዱ ከሥራው በፊት ተነገረ። ጳውሎስም በሮሜ 15፥7 እርስ በርሳችን እንድንቀባበል ሲያዝዘን መሠረቱን አስቀድሞ ያኖረዋል፤ ክርስቶስ ተቀብሎናልና። መጽሐፉ ልጁን «ራስህን ተቀበል» ሲለው እኔ የምጨምረው ይህን ነው፤ ልጄ፣ አንተ ራስህን ከመቀበልህ በፊት የተቀበለህ አለ፤ የአንተ ሥራ እርሱ ስለ አንተ ያለውን ማመን ነው። ይህን ሳይሰማ «ራስህን ውደድ» የተባለ ልጅ አንድ ቀን ራሱን መውደድ ሲያቅተው ምን ይይዛል?

በውጭ አገር ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ወላጆች አንድ ነገር ልበል። አንዲት እናት ልጇ ምሳ ዕቃው ውስጥ እንጀራ እንዳታደርግበት እያለቀሰ እንደለመናት ነገረችኝ። ስሙንም መምህሩ ለመጥራት እንዲቀላት አሳጥሮታል። ያ ልጅ ኤልመር ነው፤ ግራጫ ፍሬ እየፈለገ ነው። ኤሪክ ካርል በ1975 ያሳተመው የእስስቷ መጽሐፍ ለእንደዚህ ያለ ልጅ ይሆናል። እስስቷ ወደ እንስሳት ማቆያ ሄዳ ያየችውን ሁሉ ትመኛለች፤ የዝሆን ነገር፣ የዓሣ ነገር፣ የቀጭኔ አንገት እየጨመረች ትሄድና በመጨረሻ ዝንብ ሲያልፍ መያዝ ያቅታታል። ርቧታል፤ ግን የራሷ አካል የላትም። ራሷን ስትመኝ ነው ምሳዋን የያዘችው። ለልጃችሁ በአማርኛ እየተረጎማችሁ አንብቡለት፤ እንግሊዝኛውን ከእናንተ የተሻለ ቢያውቅም። በአማርኛ ሲሰማው የእናንተ ቃል ይሆናል።

ስታነቡ ደግሞ አትቸኩሉ። የሚስቁበት ገጽ ላይ ቁሙ። «አንተስ እንዲህ ተብለህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። በየገጹ ስብከት አትጨምሩ፤ እኔ ሰባኪ ሆኜ ነው የምላችሁ፣ ልጅ ስብከት ሲመጣ ከሩቅ ያውቀዋል። ምናልባትም መልሱ «አዎ፣ አንተ ብለኸኛል» ይሆናል። ያን ጊዜ አትከራከሩ፤ «ቀልዴን እኮ ነው» አትበሉ። ይቅርታ ጠይቁ። ቈላስይስ 3፥21 ልጆች ልባቸው እንዳይዝል አባቶችን የሚያስጠነቅቀው ልብ ስለሚዝል ነው።

ያ መጽሐፍ ዛሬም ቤታችን አለ። ከዚያች ሐሙስ ማግሥት፣ ዓርብ ጠዋት ስገልጠው በዳንሱ ገጽ ላይ፣ ከአንበሶቹ አጠገብ፣ ጆሮዋ ከአካሏ የሚበልጥ አህያ በእርሳስ ተሥላ አገኘሁ። በሁለት እግሯ ቆማለች። አልፋቅሁትም።

አሁን ከእኔ ጋር ጸልዩ። የሚተኛ ልጅ በአጠገባችሁ ካለ እጃችሁን በራሱ ላይ አኑሩ።

አባት ሆይ፣ ይህን ልጅ በማኅፀን የሠራኸው አንተ ነህ። በአፌ ያቆሰልኩትን በጸጋህ ፈውስ። የሰጠሁትን ክፉ ስም ከልቡ አውጣ፤ አንተ የምትጠራውን ስም አሰማው። እኔንም ይቅር በለኝ፤ ነገ ጠዋት ሊነቃ ሲል፣ ጫማውንም ሲያዘገይ፣ አፌን ጠብቅልኝ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።